ራሙ 3200 ይላል፣ ኮምፒዩተሩ 2133 ያሳያል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒዩተር

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው። ማዘርቦርዱ በይፋ ከሚቀበለው በላይ ፈጣን የሆነ ራም ቢሰካ ምን ይሆናል? ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንበል። ሁላችንም "3200 ሜጋኸርዝ" ማለት ለምደናል። 3200 ግን በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ መረጃ እንደሚተላለፍ የሚናገር ቁጥር ነው፤ የሰዓቱ ምት ግማሹ፣ 1600 ነው። ሲፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም ላይ ግማሹን ቁጥር ያየ ሰው "ራሜ ተበላሸ" ብሎ አይደንግጥ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ! ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ፎቶ የማቀናብርበት ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሩ አይ5-7400፣ ማዘርቦርዱ ቢ250 ነው። የነበረውን 8 ጊጋባይት ራም አውጥቼ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 3200 ሰካሁበት። የማዘርቦርዱ መመሪያ ግን እስከ 2400 ነው የሚለው። አንዱ ባለሙያ "ቦርዱን ያቃጥልብሃል" አለኝ፤ ሌላው "ምንም አይልም" አለኝ። ኮምፒዩተሩ ተነሥቷል፤ ታስክ ማኔጀር ላይ ግን 3200ም 2400ም ሳይሆን 2133 ይላል። ተታለልሁ? ራሙን ልመልሰው?

መልስ፦ አብሽር ወንድማችን። አልተታለሉም፣ የሚቃጠልም ነገር የለም። ራሙን አይመልሱት።

በእያንዳንዱ ራም ላይ ኤስፒዲ የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች። ራሙ በየትኛው ፍጥነትና በስንት ቮልት መሥራት እንደሚችል የተመዘገበው እሷ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) መጀመሪያ ይህን መዝገብ አንብቦ ሁሉም ወገን የሚችለውን ፍጥነት ይመርጣል። ፈጣን ራም ዝግ ብሎ መሥራት አይከብደውም። ዕቃ የሚያቃጥለው ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ነው እንጂ ራሙ ላይ የታተመው ቁጥር አይደለም። የእርስዎ ራም ደግሞ አሁን የሚሠራው በዲዲአር4 መደበኛ ቮልቴጅ፣ በ1.2 ቮልት ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ የመኪናውን ፍጥነት የሚወስነው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ሹፌሩም መንገዱም አሉበት። እዚህም ራሙ ሞተሩ ነው፤ ሹፌሩ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ፣ መንገዱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የተዘረጋው መስመር። የአይ5-7400 መቆጣጠሪያ በይፋ የሚችለው 2400 ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ኢንቴል በዚያ ዘመን የፈቀደው እንደ ዜድ170ና ዜድ270 ላሉት የዜድ ቺፕሴቶች (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፖች) ብቻ ነበር፤ የቢ ቺፕሴቶች ይህን ፈቃድ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2021 ከቢ560 ጀምሮ ነው። ስለዚህ እርስዎ ቦርድ ላይ ጣሪያው 2400 ነው። "ባዮሱን አድሼ 3200 አደርግልሃለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩ።

ታዲያ 2400 እየተቻለ 2133 ለምን ሆነ? ብዙ ባለ 3200 ራሞች በመዝገባቸው ላይ ያላቸው መደበኛ ፍጥነት 2133 ነው። 3200 የሚለው የተጻፈው ኤክስኤምፒ በተባለ ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ያ ገጽ የሚነበበው ባለቤቱ ባዮስ ገብቶ ሲያዘው ብቻ ነው። ባዮስ ኤክስኤምፒን ካልታዘዘ አያየውም፣ መካከል ላይ 2400 የሚል መስመር ስላላገኘ 2133 ላይ ተቀመጠ።

ይህ በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ቁልፍን ደጋግመው በመጫን ባዮስ ይግቡ፤ ኤክስኤምፒ የሚል ምርጫ ካለ ፕሮፋይል 1ን ያብሩና አስቀምጠው ይውጡ። እንዲህ ያሉ የተቆለፉ ቦርዶች በአብዛኛው የኤክስኤምፒን ቮልቴጅና የመዘግየት ቁጥሮች ወስደው ፍጥነቱን 2400 ላይ ይገቱታል። ምርጫው ከሌለ የሜሞሪ ፍጥነቱን በእጅ 2400 ያድርጉት፣ የመጀመሪያዎቹን አራት የመዘግየት ቁጥሮች 17-17-17-39 ብለው ያስገቡ፣ ቮልቴጁን አይንኩ። ቦርዱ 1.35 ቮልት የሚፈቅድ ከሆነና የገዙት ሲኤል16 (ሲኤል የመጀመሪያው የመዘግየት ቁጥር ነው) ከሆነ ደግሞ 14-16-16-34ን መሞከር ይችላሉ፤ ለ3200 ለተሠራ ራም ይህ ቀላል ሸክም ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ምን እንደሚሉ ለማወቅ ሲኤሉን በ2000 አባዝተው ለፍጥነቱ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት መዘግየቱን በናኖ ሰከንድ ነው። 3200 በሲኤል16፣ 10 ናኖ ሰከንድ ነው። 2400 በሲኤል17፣ 14.2 ይሆናል፤ በሲኤል14 ደግሞ 11.7። እንግዲህ ፍጥነቱ የተቆለፈበት ሰው በዚህ በኩል የራሙን ጥራት ሊጠቀምበት ይችላል ማለት ነው። ለፎቶ ሥራዎ የሚሰማዎት ለውጥ ግን ከ2133 ወደ 2400 በመሄድ የሚመጣው አይደለም። የሚሰማዎት ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማደግዎና ከአንድ ራም ወደ ሁለት መሄድዎ ነው። ትልቅ ፎቶ በብዙ ሌየር ሲከፍቱ ያዩታል።

ጥያቄ፦ ወልድያ ውስጥ የኮምፒዩተር ጌም ቤት አለን። ስድስቱም ማሽኖች ራይዘን 5 3400ጂ ከቢ450 ማዘርቦርድ ጋር ናቸው፤ ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ የላቸውም። በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት 2666 ራም አለ። ፕሮሰሰሩ በይፋ የሚችለው 2933 መሆኑን አንብበናል። ነጋዴው ግን "3600 ውሰዱ፣ ይፈጥናል" ይላል። እንግዛ?

መልስ፦ ራም ማፍጠን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንደ እናንተ ላለው ማሽን ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከዋናው ራም ይካፈላል። ስለዚህ ራሙ በሰከንድ የሚያሳልፈው መረጃ በጨዋታው ላይ በቀጥታ ይታያል።

አሁን ያላችሁ አንድ ራም በ2666 በሰከንድ 21.3 ጊጋባይት ያሳልፋል። ያንኑ ዓይነት አንድ ጨምራችሁ ሁለት ብታደርጉት ፍጥነቱ ሳይነካ ወደ 42.6 ይሄዳል፤ ሁለት ባለ 3200 ብትሰኩ 51.2። አንድ ብቻውን የተሰካ 3600 ግን 28.8 ላይ ይቀራል። ነጋዴው የነገራችሁ አንድ ባለ 3600 በእያንዳንዱ ላይ እንድትሰኩ ከሆነ ገንዘቡ የሚሄደው ባልሆነ ቦታ ነው።

3600ን የማንመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። 3400ጂ በስሙ ቢመስልም ዜን 2 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ትውልድ አይደለም፤ ከዚያ የቀደመው ዜን ፕላስ ነው። በዚህ ትውልድ የፕሮሰሰሩ የውስጥ መገናኛ መስመር ከራሙ ምት ጋር ታስሯል፤ ራሙን ስታፈጥኑ እሱም አብሮ መፍጠን አለበት፣ መለያየት አይቻልም። ከ3200 በላይ ሲኬድ አብዛኛው መቆጣጠሪያ ይዝላል። ምክራችን አጭር ነው፦ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት፣ 3200፣ ሲኤል16፣ 1.35 ቮልት፣ በአንድ ማሸጊያ የመጣ። የነበሩትን ባለ 2666 ከአዲሶቹ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሁሉም ወደ ዘገምተኛው ይወርዳሉ።

አሰካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚሰካው ከፕሮሰሰሩ ወደ ውጭ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ጎን ለጎን ከሰካችሁ በአብዛኞቹ ቦርዶች ሁለቱም በአንድ መስመር ይሆኑና ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። ማሽኑ ሲነሣ ሲፒዩ-ዚ ላይ "ዱዋል" ወይም በአዲሶቹ ቅጂዎች "2 x 64-bit" የሚል ካላያችሁ ተመልሳችሁ አሰካኩን እዩ።

ከዚያ ባዮስ ግቡ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሱ። ኤክስኤምፒው በኤምኤስአይ ቦርዶች ላይ ኤ-ኤክስኤምፒ፣ በአሱስ ላይ ዲኦሲፒ ተብሎ ይገኛል፤ ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። አብሩትና የራሙ ቮልቴጅ 1.35 መሆኑን አረጋግጡ። የኤስኦሲ ቮልቴጅ የሚባለውን፣ ለፕሮሰሰሩ የሜሞሪ መቆጣጠሪያ የሚሰጠውን፣ ለጊዜው ለቦርዱ ተዉት፤ ማሽኑ ካልጸና 1.10 አድርጉ። ከ1.2 አታሳልፉት። እዚያው ባዮስ ውስጥ ለግራፊክሱ የሚመደበውን ሜሞሪ 2 ጊጋባይት አድርጋችሁ ውጡ።

አሁን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ማሽኑ ሁለትና ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሊበራ ይችላል። ቦርዱ አዲሱን ፍጥነት እየተለማመደ ነውና ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡት። እንቢ ካለ አብዛኞቹ ቦርዶች ከጥቂት ሙከራ በኋላ ራሳቸው ወደ ደኅናው ቅንብር ይመለሳሉ። ካልተመለሰ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ፣ ክሊር ሲሞስ የሚል ጽሑፍ አጠገብ ያሉትን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለ10 ሰከንድ አገናኙ። ፒኖቹን ካላገኛችኋቸው ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ አውጥታችሁ አምስት ደቂቃ ካስቀመጣችሁ በኋላ መልሱ። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ራም በማፍጠን ማሽን አጥፍቶ አይቀርም።

ስድስቱም ማሽኖች በአንድ ዓይነት ዕቃ ስለተሠሩ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ ብላችሁ አትጠብቁ። አንዱ ፕሮሰሰር 3200ን ያለ ምንም ችግር ይይዛል፣ ጎረቤቱ 3066 ላይ ይቆማል። እያንዳንዱን ለየብቻ ሜምቴስት86ፕላስ በተባለው የራም መፈተኛ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሥታችሁ አራት ዙር ፈትኑ። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱን ወደ 3133፣ ከዚያ ወደ 3066፣ ከዚያ ወደ 2933 አውርዱና እንደገና ፈትኑ። የጸናበትን ቁጥር በፕላስተር ጽፋችሁ የማሽኑ ክዳን ውስጥ ለጥፉት፤ ባትሪው ያለቀ ዕለት ወይም ሌላ ባለሙያ የነካው ዕለት ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ከመካነ ሰላም፣ የአይሲቲ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ያሉት ማሽኖች አይ3-3220 ከኤች61 ቦርድ ጋር፣ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ናቸው። በርካሽ የቀረበልን ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 1866 ነው። ይሠራል?

መልስ፦ ትክክለኛው ዓይነት ከሆነ ይሠራል፤ በ1600 ወይም በ1333 ነው የሚሠራው፣ ከዚያ አያልፍም። ፍጥነቱን ይርሱት፣ የሚያሳስበን ርካሽነቱ ነው። በገበያ ላይ ለኤኤምዲ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ የዲዲአር3 ራሞች አሉ፤ የቺፖቻቸው አደረጃጀት የተለየ ስለሆነ የኢንቴል ቦርድ ላይ ማሽኑ አይነሣም። ሌሎቹ ከሰርቨር የወጡ ናቸው፤ እነሱም በዚህ ቦርድ ላይ አይሠሩም። ለእናንተ ቦርድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም 16 ጥቁር ቺፖች ሊኖሩት ይገባል፣ በአንዱ ገጽ 8፣ በሌላው 8። በአንድ ገጽ ብቻ 8 ቺፕ ኖሮት 8 ጊጋባይት የሚል ካዩ ይተዉት፤ የእያንዳንዱ ቺፕ መጠን ከመቆጣጠሪያው አቅም በላይ ነው። ተለጣፊው ላይ 1.35 ቮልት ቢል አያሳስብዎት፣ የዲዲአር3ኤል ራም በ1.5 ቮልትም ይሠራል። 1.65 የሚለውን ግን አይግዙ።

አንድ ብቻ ወስደው በአንዱ ማሽን ላይ ይሞክሩ፤ ሲነሣ ካዩ በኋላ ቀሪውን ይዘዙ። ማሽኑ እየጮኸ ካልተነሣም ራሙን ከመወንጀልዎ በፊት የወርቅማውን ጫፍ በነጭ ላጲስ ቀስ አድርገው ጠርገው ፍርፋሪውን ያራግፉ። ለዓመታት አቧራ የጠጣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ ብቻውን ብዙ ማሽን ያስነሣል።

ጥያቄ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ አይ5-8250ዩ ነው፣ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት 2400 ራም አለው፣ ሌላኛው ስሎት ባዶ ነው። ገበያ ላይ ያገኘሁት 3200 ብቻ ነው። ብሰካው የነበረውን ይጎዳዋል?

መልስ፦ አይጎዳውም እህታችን፤ ሁለቱም በ2400 ይሠራሉ። ስትገዢ ግን ተለጣፊውን አንብቢ፦ 1.2 ቮልትና ሲኤል22 የሚለውን ውሰጂ። 3200 የሚደርሰው በ1.35 ቮልት በኤክስኤምፒ ብቻ የሆነው ዓይነት ለአንቺ ተጨማሪ ዋጋ እንጂ ተጨማሪ ጥቅም የለውም፣ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ባዮስ ላይ ኤክስኤምፒ የለምና። 8 ጊጋባይት ብትጨምሪ ከ12ቱ ውስጥ 8ቱ በሁለት መስመር፣ የቀረው 4 በአንድ መስመር ይሠራል፤ ለትምህርት ሥራ በቂ ነው። ከመፍታትሽ በፊት ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ውስጥ ያለውን የባትሪ ማገናኛም አላቅቂ። ራሙ አጋድሞ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ታች ስትጫኚው ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ ብለው ይይዙታል።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ራይዘን 5 3600፣ ቢ450 ቦርድ። ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት 3600 ሲኤል18 ኤክስኤምፒ በርቶ ለወራት ያለ ችግር ሠራ። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚያው ስምና ቁጥር ሌላ ሁለት ገዝቼ አራት አደረግኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ፕሮጀክቱ በድንገት ይዘጋል፣ የተጨመቁ ፋይሎች አልከፈት ይላሉ። አዲሶቹ ራሞች ብልሹ ይሆኑ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ኤክስኤምፒን ያጥፉ፤ እስኪያጠፉም ድረስ ከካሜራ ካርድ ምንም አይገልብጡ። የሚሳሳት ራም ከማሽን መዘጋት የከፋ ጉዳት አለው፦ ፋይል ሲገለበጥ በራሙ በኩል ስለሚያልፍ ስሕተቱ ሳይታይ ዲስክ ላይ ይጻፋል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የገለበጡትን ሁሉ ካርዱ ገና ካልጠፋ እንደገና ይገልብጡት። የሰው ሠርግ ነውና ሁለተኛ አይቀረጽም።

ራሞቹ ብልሹ ላይሆኑ ይችላሉ። ኤኤምዲ ለራይዘን 3000 ተከታታይ በይፋ የሰጠው 3200 ሁለት ራም ሲሰካ ነው። አራት ባለ አንድ ራንክ (ራንክ አብረው የሚሠሩ የራሙ ቺፖች ስብስብ ነው) ሲሰኩ ወደ 2933 ይወርዳል፣ አራት ባለ ሁለት ራንክ ሲሆኑ ወደ 2666። እርስዎ በሁለት ራም 3600 ሲያሠሩ ከይፋዊው ልክ አንድ እርምጃ ነበር የራቁት፤ አራት ሲያደርጉ ግን ልኩ ራሱ ወደ ታች ሄደ፣ ርቀቱም ሰፋ። ከዚህ ሌላ አብዛኞቹ የዚህ ዘመን ቦርዶች መስመራቸው የተዘረጋው ለሁለት ራም እንዲያመች ነው፤ ሌሎቹ ሁለት ስሎቶች ሲሞሉ ምልክቱ በመንገድ ላይ ይረበሻል። "በዚያው ስምና ቁጥር" መግዛትዎም መተማመኛ አይደለም። አምራቾች ስሙን ሳይቀይሩ በውስጡ ያለውን ቺፕ ይቀይራሉ፤ ተለጣፊው ላይ ያለው የቨርዥን ቁጥር ከተለያየ ውስጡም ተለያይቷል።

ፍለጋው እንዲህ ይሁን። ኤክስኤምፒ ጠፍቶ አራቱንም በሜምቴስት86ፕላስ ይፈትኑ። 32 ጊጋባይት ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ ጀምረውት ይደሩ። በዚህ ዝግ ባለ ፍጥነትም ስሕተት ከታየ በእርግጥ የተበላሸ ራም አለ፤ አንድ በአንድ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛ በሆነው ስሎት ላይ እየሰኩ ይለዩትና በዋስትናው ይመልሱት። ንጹሕ ከሆነ ግን ችግሩ ፍጥነቱ ነው።

ያኔ 2933ን ይሞክሩ፣ ከጸና ወደ 3200 ይሂዱ። አራት ራም የሞላበት የዚህ ትውልድ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚረጋው 3200 አካባቢ ነው። የመዘግየት ቁጥሮቹን ግን ለቦርዱ አይተዉለት፣ አላግባብ ያዘገያቸዋል። የእርስዎ ራም 18-22-22 ከሆነ በ3600 ሲሰላ 10 ናኖ ሰከንድና 12.2 ናኖ ሰከንድ ነው። ያንኑ ጊዜ በ3200 ለማግኘት 16-20-20-40 ይጻፉ። የውስጥ መገናኛውን ምት፣ ኤፍክሎክ የሚባለውን፣ 1600 አድርገው ከራሙ እኩል ያስኬዱት። ኮማንድ ሬት 2ቲ፣ የራሙ ቮልቴጅ 1.35፣ ኤስኦሲ 1.10። ካልጸና የራሙን ቮልቴጅ በ0.01 እየጨመሩ እስከ 1.40 መሄድ ይችላሉ። ብዙ ሰው ካልጸናለት ቮልቴጁን ብቻ እየጨመረ ይሄዳል፤ መስመሩ የተረበሸበት ራም ግን በቮልቴጅ አይድንም፣ በፍጥነት መቀነስ ነው የሚድነው።

መዘግየቱ ስላልተለወጠ ከ3600 ወደ 3200 በመውረድ የሚያጡት ጥቂት ነው፤ ከ16 ወደ 32 ጊጋባይት በመውጣት የሚያገኙት ደግሞ ለቪዲዮ ብዙ ነው። እኛ በእርስዎ ቦታ ብንሆን 3600ን ያለ ጸጸት እንተወዋለን።

ፈተናውን ሲያልፍ ዊንዶውስ ውስጥ ቴስትሜም5 ወይም ኦሲሲቲ የተባለውን መፈተኛ ፕሮግራም አንድ ሰዓት ያስኪዱ፣ ከዚያ ረጅም ቪዲዮ ኤክስፖርት ያድርጉ። ሜምቴስት ሲሠራ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈት ነው፣ ኬዙም ቀዝቃዛ ነው፤ በሥራ ሰዓት ግን የካርዱ ሙቀት ወደ ራሞቹ ይወጣል። አምራቾች ለራም እስከ 85 ዲግሪ ይፈቅዳሉ፤ ከይፋዊው ልክ በላይ የተገፋ ራም ግን ከዚያ በፊት ሊሳሳት ይችላል። ደሴ ብርድ ስለሆነች ብቻ አይዘናጉ። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። አራት ራም ተጠጋግተው በተሰኩበት ኬዝ ላይ የፊት ፋን ቢጨምሩ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከኬሚሴ። ባዮስ ሲታደስ ራሙ የበለጠ ፍጥነት ይቀበላል ሲሉ ሰማሁ። እኛ ጋ መብራት ይቆራረጣል፤ ላድስ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ የሰሙት በከፊል እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሲወጡ ራም የመምረጥ ችግር ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ የመጣው ኤጄሳ 1.0.0.6 የተባለ የባዮስ ማሻሻያ እስከ 4000 የሚደርሱ የፍጥነት ምርጫዎችን ጨመረ፤ ብዙ ማሽንም ከዚያ በኋላ ጸና። በተቆለፈ የኢንቴል ቦርድ ላይ ግን ማደስ ጣሪያውን አያነሣውም። ማሽንዎ አሁን በፈለጉት ፍጥነት ጸንቶ የሚሠራ ከሆነ አይንኩት።

ማደስ ግድ ከሆነ የቦርዱን ሙሉ ስምና ጥግ ላይ የታተመውን የሪቪዥን ቁጥር ያንብቡ፤ ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ብቻ ያውርዱ፣ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ይጫኑ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ከማደስዎ በፊት ኤክስኤምፒን ያጥፉ። በሚሳሳት ራም በኩል ያለፈ የባዮስ ፋይል ተበላሽቶ ቺፑ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ከዊንዶውስ ውስጥ አያድርጉት፤ ባዮሱ ራሱ ያለውን ማደሻ፣ ኪው-ፍላሽ ወይም ኢዚ ፍላሽ ወይም ኤም-ፍላሽ የሚባለውን ይጠቀሙ። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ባትሪው ጤናማ የሆነ ዩፒኤስ ለዚያ ይበቃል። ዩፒኤስዎን ከዚያ በፊት ማሽኑን አስነሥተው፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅለው 15 ደቂቃ ሲይዝ ይዩት። ስታቢላይዘር የመብራት መቆራረጥን አይመክትም። ከታደሰ በኋላ ቅንብሩ ሁሉ ስለሚጠፋ ኤክስኤምፒን እንደገና ማብራት አለብዎት።

መሀል ላይ ቢቋረጥስ? ፍላሽባክ የሚል ቁልፍ ያለው ቦርድ ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም፣ በፓወር ሰፕላዩ ብቻ ከፍላሹ ይታደሳል። ቁልፉ ከሌለው ቺፑን በሲኤች341ኤ መጻፊያ የሚጽፍ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ቺፑ የ1.8 ቮልት ዓይነት ከሆነ ማስተካከያ ሳይደረግበት 3.3 ቮልት እንዳይሰጠው አስቀድመው ይንገሩት።

ስለ ሙቀቱም አንድ ቃል፦ በክረምት ሌሊት ተፈትኖ የጸና ፍጥነት ኬሚሴ ላይ ለግንቦት ቀትር ዋስትና አይሆንም። ፈተናውን ቀን፣ ቤቱ በሞቀበት ሰዓት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከባቲ። ቦርዴ ኤች610 ነው፣ ዲዲአር4 ይላል። ዲዲአር5 5600 ይፈጥናልና ልሰካበት? ፒኑ ሁለቱም 288 ነው አሉኝ።

መልስ፦ የፒኑ ቁጥር እኩል ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው ቆራጣ ግን ቦታው ይለያያል፣ ገፍተው ቢያስገቡት ስሎቱን ይሰብራሉ። አብዛኞቹ ኤች610 ቦርዶች ወይ ለዲዲአር4 ወይ ለዲዲአር5 ይሠራሉ፤ የእርስዎ ላይ የመጨረሻው 3200 ነው። ቦርዱን ወደ ዲዲአር5ኛው ቢቀይሩ እንኳ ከ12ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ጋር 5600ው የሚሠራው በ4800 ነው፣ ኤች610 ራም ማፍጠን አይፈቅድምና። ወደ ዲዲአር5 የሄዱ ዕለት፣ በተለይ በአዲሶቹ የኤኤምዲ ቦርዶች ላይ፣ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ስክሪኑ ለብዙ ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ፋኑ እየዞረ ከሆነ እስከ 10 ደቂቃ አያጥፉት፤ ካጠፉት ልምምዱን ከመጀመሪያው ይጀምራል።